«ይቅመሰው» ይላል አባቱ፤ እኔ ምን ላድርግ?

ጤና ይስጥልኝ። የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ፒያሳ ተወልጄ ያደግሁበት ቤት ለልማት ሲነሳ፣ ከዓመት በፊት የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ገባን። የመጀመሪያ ልጄ አዲሱን ትምህርት ቤት አልወደደውም። ከትምህርት ሲመለስ ከብሎካችን ሥር ካለው ፕሌይስቴሽን ቤት አይጠፋም ነበር። እዚያ ከሁለት ልጆች ጋር ገጠመ፤ አንዱ 17፣ ሌላው 19 ዓመቱ ነው።

ባለፈው ወር፣ ማታ 1 ሰዓት ገደማ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ከቆመች ሴት ስልክ ነጠቁ። የነጠቀው ትልቁ ነው፤ ተቀብሎ የሮጠው የእኔ ልጅ ነው። ሴትዮዋ ስትታገል ወድቃ ክንዷ ተላልጧል። ልጄን ሰው አሳዶ ያዘው። ጣቢያ ስንደርስ አባቱ «አልፈርምም፣ ይቅመሰው፤ ሁለት ሳምንት ቢያድር ይማራል» ብሎ ጥሎን ሄደ። ዳኛዋ ልጁን ሲያዩት የዕድሜ ማስረጃ ይዘን እንድንቀርብ አዘው ለእኔ ሰጡኝ። በቀጠሮው ቀን ላቀርበው ፈርሜ ወሰድኩት። ቀጠሮው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

ፖሊስ ዕድሜውን 16 ብሎ ጽፎታል። ልጄ ግን አሥራ አምስት ዓመቱን ከያዘ ገና አምስት ወሩ ነው። የልደት ሰርተፍኬት አላወጣሁለትም። ባለቤቴ የሚኒባስ ሹፌር ስለሆነ ወሬውን ተራ ላይ ያልሰማ የለም። «ችሎት ቀርቤ መንግሥት ያርመው እላለሁ» ይላል። ቤት ውስጥ «ሌባው» እያለ ነው የሚጠራው። ማዕድ አብሮን እንዳይቀርብ ስለከለከለ እራቱን መኝታ ቤት ወስጄ እሰጠዋለሁ። ትምህርት ቤቱም መልቀቂያ ውሰዱ ብሎናል። እኔ ከቀጠሮው በፊት ደብረ ብርሃን ወንድሜ ጋ ልልከው አስቤያለሁ። «ለምን አደረግኸው?» ስለው «ሴትዮዋ ሀብታም ናት፣ ሌላ ትገዛለች» አለኝ። ከሁሉም በላይ ያስፈራኝ ይህ ቃሉ ነው። ልጄ በዚሁ ወንጀለኛ ሆኖ ቀረ ማለት ነው?

እናት፣ ከየካ አባዶ

ውድ እናት፣

ባል ጥሎ ሲሄድ ጣቢያ ቆመው የፈረሙት እርስዎ ነዎት። ልጅዎ ይህን አይረሳውም። አሁን ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ስለተደራረበብዎት፣ ቀን ከሚያስቆጥረው እንጀምር።

ደብረ ብርሃን ከቀጠሮው በፊት አይላኩት። ፈርመው የወሰዱት ልጅ ቀጠሮ ከቀረ ፍርድ ቤቱ ተይዞ እንዲቀርብ ሊያዝ ይችላል፤ እርስዎንም ይጠይቃል። ዳኛዋ እርስዎን አምነው ነው የሰጡዎት፤ ያ እምነት ደግሞ በእጅዎ ካለው ሁሉ ትልቁ ነገር ነው። ሐሳብዎ ራሱ ግን ክፉ አይደለም፤ ሕጉም መንገድ አለው። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ፣ ዳኛው ልጁን ኃላፊነት ለሚሰማው ዘመድ አደራ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ዘመዱ የልጁን ጠባይ እንደሚከታተል ችሎት ፊት በጽሑፍ ግዴታ ይገባል። ስለዚህ ልጁ ወደ አጎቱ ከመሄዱ በፊት አጎቱ ወደ ችሎቱ ይምጡ። መታወቂያቸውን፣ ልጁ ደብረ ብርሃን የት እንደሚማር የሚያሳይ ወረቀትና «እኔ አለሁ» የሚል ቃላቸውን ይዘው በቀጠሮው ቀን ከጎንዎ ይቁሙ። በሕግ የሄደ ልጅ ትምህርቱን ይቀጥላል፤ ተደብቆ የሄደ ልጅ ግን ፖሊስ ባየ ቁጥር ይደነግጣል።

ቀጥሎ ዕድሜው። ሦስቱን ሳምንት በአንድ ነገር ላይ ብቻ ማዋል ቢኖርብዎት ኖሮ እዚህ ላይ ያውሉት እንልዎታለን። በሕጋችን ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው «ወጣት ጥፋተኛ» ይባላል፤ የሚታየው ለእሱ ብቻ በተደነገጉት ከአንቀጽ 157 እስከ 168 ባሉት እርምጃዎች ነው፤ ከአዋቂ ጋርም አይታሰርም። 15 ሞልቶት 18 ያልሞላው ግን በመደበኛው ሕግ ይከሰሳል፤ ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል እንጂ በሩ ሌላ ነው። መዝገቡ ላይ ያለችው «16» ልጅዎን ከአንዱ በር ወደ ሌላው ታሻግረዋለች።

እስቲ ያስታውሱ፤ ጣቢያ «ስንት ዓመቱ ነው?» ሲባል ማን ምን ብሎ መለሰ? እኛ ዕድሜ ስንቆጥር «15 ይዟል» እንላለን፤ 14 ሞልቶ 15ኛውን ጀምሯል ማለታችን ነው። መዝጋቢው «ይዟል»ን «ሞልቶታል» ብሎ ሊሰማው ይችላል፤ ልጁ ቁመተ ረጅም ከሆነ ደግሞ በግምት አንድ ይጨመርበታል። ከእንግዲህ «ይዟል» የሚለውን ቃል ይተዉት። «ድርጊቱ በተፈጸመበት ቀን 14 ዓመት ከ4 ወሩ ነበር» ይበሉ። የሚታየው ድርጊቱ የተፈጸመበት ቀን ነው፤ ጉዳዩ ተጓትቶ ችሎት ላይ ሳለ 15 ቢሞላው ይህ አይለወጥም።

ማስረጃ ሲፈልጉ ክብደት የሚኖረው ልጁ ገና ሕፃን ሳለ የተጻፈው ወረቀት ነው፤ ያን ጊዜ ዕድሜውን የሚያሳንስበት ምክንያት ያለው ሰው አልነበረምና። የክትባት ካርዱን ይፈልጉ፤ የተወለደበት ቀንና የ45 ቀኑ ክትባት ቀን ሰፍሮበታል። ካርዱ ቤት ሲፈርስ ጠፍቶ ከሆነ የወለዱበት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መዝገብ ክፍል ይሂዱ፤ የራስዎን ስምና የወለዱበትን ወር ይንገሯቸው። ክርስትና የተነሳ ከሆነ ደብሩ ጽሕፈት ቤት ምስክር ወረቀት ይጠይቁ። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሳው በ40 ቀኑ ስለሆነ፣ ከተጻፈው ቀን 40 ቀን ወደኋላ ሲቆጠር የልደቱ ቀን ይገኛል። መዋዕለ ሕፃናት ወይም አንደኛ ክፍል ሲገባ የተሞላው ፎርምም ይረዳል። ሁለት ወይም ሦስቱ አንድ ዓይነት ቀን ከተናገሩ ጉዳዩ አለቀ ማለት ይቻላል። የልደት ሰርተፍኬት ከወረዳ አሁንም ማውጣት ይችላሉ፤ ነገር ግን ልጁ ከተያዘ በኋላ የተሰጠ ወረቀት ብቻውን ጥያቄ ሊነሳበት ስለሚችል ከድሮዎቹ ጋር አያይዘው ያቅርቡት። ሳያወጡለት መቅረትዎም አያሸማቅቅዎት፤ በመላ አገሪቱ ወጥ የሆነው የልደት ምዝገባ የተጀመረው በሐምሌ 2008 መጨረሻ ነው፤ ልጅዎ የተወለደው ከዚያ በፊት ነው።

ይህን ሁሉ ድካም የምናበረታታበት ምክንያት አለን። ወረቀት ከሌለ ልጁ ለዕድሜ ምርመራ ወደ ሐኪም ይላካል። ሐኪሙ የእጅ አንጓ አጥንትን በራጅ፣ ጥርስንም አይቶ ይገምታል፤ ይህ ግምት እስከ ሁለት ዓመት ሊያዛንፍ ይችላል። ለ14 ዓመት ልጅ ሁለት ዓመት ማለት ያችው «16» ናት።

ሴትዮዋ ወድቃ መጎዳቷም ጉዳዩን ያከብደዋል። ስልክ ሰርቆ መሄድ ስርቆት ነው፤ ኃይል ከተጨመረበት ግን ዐቃቤ ሕግ «ውንብድና» ሊለው ይችላል። ለተራ ውንብድና ሕጉ ያስቀመጠው ጣሪያ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ነው። ይህን ሰምተው አይደንግጡ፤ ጣሪያው ለአዋቂ ነው። ለእርስዎ የሚጠቅመው ሌላው ገጹ ነው፦ በ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ከ10 ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ነገር የተከሰሰ ልጅ ጠበቃ በፍርድ ቤቱ ይቆምለታል። አቅም የለኝም ብለው ዝም አይበሉ፤ ዛሬውኑ ይጠይቁ፤ የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት አለ፣ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ለእናቶችና ለሕፃናት ነጻ ምክር ይሰጣል። ጠበቃው ልጁን ከቀጠሮው ቀን በፊት ቁጭ ብሎ ያናግረው። ነጠቃው መታሰቡን ቀድሞ ያውቅ ነበር ወይስ ስልኩ በድንገት እጁ ላይ ተጣለ? ሴትዮዋን ነክቷታል? መዝገቡ ከ19 ዓመቱ ልጅ ሊነጠል ይችላል? ጣቢያ ሳለ የመታው ሰው ካለም ለጠበቃው ይንገር። እባክዎን «አላውቅም በል» ብላችሁ አታስጠኑት። እንዲህ ያለ ጉዳይ የሚታየው በዝግ ነው፤ ምስክሮች፣ ባለሙያዎችና ወላጅ ካልሆኑ በቀር ሰው አይገባም፤ አካሄዱም እንደ ትልቅ ችሎት የከረረ አይደለም። ዳኛዋ በቀጥታ ለልጁ ሊናገሩት፣ ሊጠይቁት ይችላሉ። የተጠና ውሸት እንዲያ ባለች ትንሽ ክፍል ውስጥ ወዲያው ይታወቃል።

አሁን ወዳስፈራዎት ቃል እንመለስ፤ «ሀብታም ናት፣ ሌላ ትገዛለች»። ግሬሻም ሳይክስና ዴቪድ ማትዛ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የወንጀል ጥናት ሰዎች በፈረንጆች 1957 ይህንኑ ዓይነት ቃል መረመሩ። እነሱ እንዳስተዋሉት፣ የሚሰርቅ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ስርቆት ነውር መሆኑን ያውቃል። ስለሚያውቅም ነው ነውሩን የሚያልፍበት ድልድይ የሚፈልገው፦ «ሀብታም ናት»፣ «እነሱ ናቸው ያስገቡኝ»፣ «ለጓደኛዬ ብዬ ነው»። ኅሊናው የሞተ ልጅ ሰበብ አያስፈልገውም። የልጅዎ ቃል ያስደነግጣል፤ ግን ከሥሩ እፍረት ያለ ይመስለናል። ድልድዩ በተመላለሱበት ቁጥር እየጠነከረ ስለሚሄድ ግን ዝም ብለው አይለፉት። ስለ ሀብትና ድህነት አይከራከሩት፤ ይጠይቁት። «ሀብታም ሰው ማታ 1 ሰዓት ላይ የታክሲ ሰልፍ ይቆማል?» ይበሉት። «ስልኳ ላይ ቴሌብሯ ነበር፤ የልጆቿ ፎቶ ነበር። ያን ዕለት ማታ ቤቷ ማን ይጠብቃት ነበር?» ይበሉት። ላይመልስ ይችላል፤ መልሱን አያስገድዱት። አንድ ጠይቀው ተነሥተው ወደ ሥራዎ ይሂዱ።

ወንጀለኛ ሆኖ ቀረ ወይ ላሉን፦ አልቀረም፤ ይህን የምንልዎት ለማጽናናት ብቻ አይደለም። ቴሪ ሞፊት የተባለች ተመራማሪ በኒውዚላንድ ደኒደን ከተማ በፈረንጆች 1972 እና 1973 የተወለዱ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ልጆችን ከሚከታተል ጥናት ተነሥታ በፈረንጆች 1993 ሁለት ዓይነት መንገድ ለየች። ጥቂቶቹ ገና በሕፃንነታቸው ጠበኛ ናቸው፤ ይህም አብሯቸው ያድጋል። ብዙዎቹ ግን እስከ 12 ወይም 13 ዓመታቸው ደህና ቆይተው፣ በጉርምስና ከእኩዮቻቸው ጋር ያጠፋሉ፤ ሥራና ትዳር ሲይዙ ይተዉታል። ልጅዎ ፒያሳ ሳለ እንዴት ነበር? ታናናሾቹን ይመታ ነበር? ከመምህራን ይጣላ ነበር? እንስሳ ያሠቃይ ነበር? መልስዎ «ኧረ በፍጹም» ከሆነ ወደ ሁለተኛው መንገድ የቀረበ ነው። «አዎ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ» ከሆነ ወይም ጫትና ሐሺሽ ጀምሮ ከሆነ ግን ለዳኛዋ ሳይደብቁ ይንገሩ፤ ሕጉ ሕክምና ለሚያስፈልገው ልጅ የተለየ እርምጃ አለው።

ከሞፊት ጽሑፍ ለአባቱ የሚጠቅመው ሌላው ክፍል ነው። ሊተው የነበረውን ልጅ እንዳይተው የሚይዙት ወጥመዶች አሉ ትላለች፦ ከትምህርት መቆረጥ፣ ሱስ፣ እስር። ባለቤትዎ በንዴት ልጁን የሚጎትቱት ወደነዚሁ ወጥመዶች ነው።

ባለቤትዎን ክፉ ሰው አድርገን አናያቸውም። ቀኑን ሙሉ ከታክሲ ሰልፍ እንጀራውን የሚያገኝ ሰው፣ ልጁ ከዚያው ሰልፍ ሲነጥቅ ቢያዝ አንገቱን ይደፋል። ቁጣቸው ውስጥ ሐዘን አለ። «ይቅመሰው» የሚለው ሐሳብ ግን በሌላ አገር ተሞክሮ ውጤቱ ታይቷል። በፈረንጆች 1970ዎቹ በኒው ጀርሲ፣ ራህዌይ እስር ቤት፣ ያጠፉ ልጆችን እየወሰዱ ዕድሜ ልክ የተፈረደባቸው እስረኞች እየጮኹ እንዲያስፈራሩዋቸው ያደርጉ ነበር። ሰዉ ወደደው፤ ብዙ ከተሞችም ቀዱት። ኋላ ተመራማሪዎች ልጆችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ እስር ቤት የወሰዷቸውንና ያልወሰዷቸውን ሲያወዳድሩ የተወሰዱት ብሰው ተገኙ። ሁለት ሳምንት ጣቢያ ቢያድር ኖሮ ከጎኑ የሚተኛው ማን ነበር? ምናልባት ያው የ19 ዓመቱ ልጅ።

አንድ ነገር ደግሞ ባለቤትዎ የሚያውቁት አይመስለንም። «መንግሥት ያርመው» ሲሉ የሚያስቡት ሁለት ሳምንት ነው፤ ሕጉ ውስጥ ሁለት ሳምንት የሚባል ጠባይ ማረሚያ የለም። ወደ ጠባይ ማረሚያ ተቋም መላክ ከ1 ዓመት አያንስም፤ እስከ 5 ዓመት ይሄዳል፤ ማብቂያው 18 ዓመት ሲሞላው ነው። ዳኛው ከዚያ በፊት ሊመርጣቸው የሚችሉ ሌሎች እርምጃዎች አሉት፦ ወቀሳና ተግሣጽ፣ በቤት ወይም በትምህርት ቤት ተወስኖ መቆየት፣ ወይም ያልነው ለዘመድ አደራ መስጠት። ወላጅ አባት ችሎት ቆሞ «አልፈልገውም» ካለ ግን እነዚህ ቀላል መንገዶች መሠረታቸው ይናዳል፤ ሁሉም የቆሙት ልጁን የሚቀበል ሰው አለ በሚለው ላይ ነውና። ይህን እርስዎ ቢነግሯቸው «ለልጅሽ ትከላከያለሽ» ሊሉ ይችላሉ። ማን ቢነግራቸው ይሰማሉ? የንስሐ አባታቸው? ታላቅ ወንድማቸው? ተራ ላይ የሚያከብሩት ሽማግሌ? በዚህ ሳምንት እሳቸውን ይላኩ፤ መልእክቱም አጭር ይሁን፦ «ይቅር በል አላልንህም፤ በቀጠሮው ቀን ብቻ አብረህ ቁም፤ ‹ያርመው› የምትለዋን ቃል አንድ ዓመት እንደምታስከፍል አውቀህ ተናገራት።»

«ሌባው» የሚለው ስም ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። ፍራንክ ታነንባም የተባለ ምሁር ገና በፈረንጆች 1938፣ አንድ ጊዜ ያጠፋን ልጅ ዙሪያው ሁሉ በጥፋቱ ሲጠራው ልጁ ስሙን እንደሚለብሰው ጽፎ ነበር። ልጅዎን በስሙ የሚጠሩት እነማን ናቸው? ቤት ውስጥ «ሌባው»፣ ትምህርት ቤት «መልቀቂያ» ከተባለ፣ በስሙ የሚጠሩት ፕሌይስቴሽን ቤት ያሉት ብቻ ይሆናሉ።

ይህን ስናስብ ከፒያሳ መነሣታችሁ ይከነክነናል። ፒያሳ ሳለ ሱቅ ሲላክ የሚያውቀው ባለሱቅ ነበር፤ ቢያጠፋ ጆሮውን የሚይዘው ጎረቤት ነበር፤ «የእገሌ ልጅ» ነበር። ትራቪስ ኸርሺ በፈረንጆች 1969 ያቀረበው ሐሳብ እዚህ ላይ ልክ ይመስለናል፦ ልጅ የማይሰርቀው ሊያሳፍራቸው የማይፈልጋቸው ሰዎች፣ ሊያጣው የማይፈልገው ነገርና ቀኑን የሚሞላ ሥራ ስላለው ነው። የካ አባዶ ስትመጡ ሦስቱም በአንድ ቀን ተቆረጡበት። ከእነዚህ ውስጥ ቢያንስ ሁለቱን ከቀጠሮው በፊት መቀጠል ይቻላል። ፒያሳ ሳለ የሚወደው ምን ነበር? ኳስ? ሰንበት ትምህርት ቤት? አጎራባች ጋራዥ? ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ ተመላልሶም ቢሆን ወደዚያ ይመለስ። የባሰው ሰዓት ከትምህርት መልስ እስከ ማታ 1 ሰዓት ያለው ስለሆነ፣ ያን ሰዓት ማን እንደሚይዝለት ከሰኞ እስከ ዓርብ በስም ይጻፉት። ከወንድምዎ ግዴታ ጋር ይህችን አንድ ገጽ ወረቀት ችሎት ይዘው ይቅረቡ። ዳኛው ስለ ልጁ ኑሮና ትምህርት ሲጠይቅ የተጻፈ ዕቅድ ያላት እናት መልስ አላት።

መልቀቂያውን በፈቃድዎ አይውሰዱ። ውሳኔያቸውን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ከሰጡም ይዘው ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። ጉዳዩ በዝግ የሚታየው፣ በወጣት ጥፋተኛ ላይ የሚወሰድ እርምጃም እንደ ወንጀል ቅጣት የማይቆጠረው፣ ልጁ ነገ ተማሪ ሆኖ እንዲቀጥል ነው።

ሴትዮዋንም አይርሱ። ክንዷ ተላልጧል፤ ስልኳ ሄዷል። ሽማግሌ ይዘው፣ ጠበቃው ካወቀ በኋላ፣ ይቅርታ ሊጠይቋት ይሂዱ፤ የስልኩንና የሕክምናውን ወጪ ድርሻዎን ይክፈሉ፤ ስንት እንደተከፈለ በሁለት ምስክር ፊት ተጽፎ ይፈረም። ገንዘቡ በሌላ ሰው እጅ አይለፍ። «ክሱን ተዪልን» ወይም «ምስክር አትሁኚ» አይበሏት፤ ዕርቁ ክሱን ላያስቆመው ይችላል፣ ምስክርን ማባበል ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። ከሚከፈለው ላይ ጥቂቱን፣ 500 ብርም ቢሆን፣ ልጁ ራሱ ሠርቶ ያምጣው፤ ቅዳሜ የአባቱን ሚኒባስ አጥቦ ቢያገኘው እንወዳለን። ለሴትዮዋም በእጁ ይስጣት።

ከሰነዱም ከጠበቃውም በፊት ግን ዛሬ ማታ የሚደረግ አንድ ነገር አለ። እራቱን መኝታ ቤት አይውሰዱለት። አባቱ ካልፈቀዱ ለሁለታችሁ አንድ ትሪ ወጥ ቤት ያቅርቡና አብረውት ይብሉ፤ በማግስቱም እንዲሁ። አባቱ አንድ ቀን ማታ ትሪው ከፊታቸው ጎደሎ መሆኑን ሲያዩ ምን እንደሚሉ እርስዎ ከእኛ በላይ ያውቋቸዋል።